የጌታ ዕርገትና የሞያሌ ኬላ

የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የዕርገት በዓል ትንሣኤ በዋለ በአርባኛው ቀን ስለሚከበር፥ ዓመቱ ምንም ዓመት ቢሆን ከሐሙስ አይወጣም። ከዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት አንዱ ነው፤ ነገር ግን ልደት፥ ጥምቀትና ትንሣኤ ያገኙትን ዕድል አላገኘም። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ መሥሪያ ቤት አይዘጋበትም፤ ገበያ አይፈታበትም፤ በግ ተጎትቶ አይመጣበትም። ካህናቱና መዘምራኑ ሌሊቱን በማሕሌት ቆመው ያድራሉ፤ ምእመኑም ቅዳሴውን አስቀድሶ፥ ነጠላውን አጣጥፎ ወደየሥራው ይሰማራል። በጀርመንና በፈረንሳይ ዕለቱ የመንግሥት በዓል ነው፤ ከሕዝቧ አብዛኛው የእስልምና ተከታይ የሆነው ኢንዶኔዢያ እንኳ በዚህ ቀን መሥሪያ ቤቶቿን ትዘጋለች። በእኛ ዘንድ ግን ነጋዴው ሱቁን ይከፍታል፤ ጸሐፊው ከጠረጴዛው ይቀመጣል፤ የኬላው ዘበኛ ገመዱን ይፈታል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ቸልታ ቆጥረው ሲያዝኑ ሰምተናል። እኛ ግን አናዝንበትም። እንዲያውም ከበዓላት ሁሉ በሥራ ቀን ላይ መዋሉ የሚያምርበት በዓል ቢኖር ይህ ነው እንላለን። የዕርገት ታሪክ የሚያልቀው ቆሞ በማንጋጠጥ ላይ በተሰጠ ተግሣጽ ነውና። ሐዋርያት ደመና ጌታቸውን ከዓይናቸው ከሰወረው በኋላ ወደ ላይ እያዩ ቀሩ፤ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎችም አጠገባቸው ቆመው ስለ ምን እንዲህ አንጋጠው እንደ ቀሩ ጠየቋቸው። የሄደው እንደ ሄደ ተመልሶ እንደሚመጣ ነገሯቸው እንጂ፥ እዚያው ተራራ ላይ ድንኳን ተክላችሁ ጠብቁት አላሏቸውም። እነርሱም ተራራውን ወርደው ወደ ከተማ ገቡ።

ይህን ነገር አጥብቀን እንድናስብ ያደረገችን ሞያሌ ናት። ሞያሌ አንድ ስም ያላት፥ ሁለት መንግሥት የሚያስተዳድራት ከተማ ናት፤ ሰሜኗ ኢትዮጵያ፥ ደቡቧ ኬንያ ነው። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በበለጠ ርቀት ላይ ትገኛለች። ወሰኑ የተወሰነው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል ነው። ውሉ ራሱ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሟቸው እየተሻገሩ ከብታቸውን እንዲያግዱና በአቅራቢያቸው ካለው ጉድጓድ ውሃ እንዲያጠጡ ይፈቅድ ነበር፤ መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ከብት መስመር እንደማያውቅ ተረድተው ነበርና። ከዚያ ወዲህ በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በደቡብ በኩል የነበረውን የእንግሊዝ ምሽግ ያዘ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዪቱ ከእጁ ወጣች። በ2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን ኬላ መረቁ፤ መንገደኛና ጫኝ መኪና ሁለት ቦታ መቆሙ ቀርቶ፥ በሚገባበት አገር በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ የሁለቱንም አገር ሹማምንት እንዲያገኝ ማለት ነው። የወደብ ጉምሩክ የለመዱ አንባብያን ይህ ምን ያህል ጊዜና ምን ያህል ንዴት እንደሚያተርፍ ሳንነግራቸው ያውቁታል።

በዚህ ከተማ ብርም ሽልንግም ይመነዘራል። ከሰሜን ቦሎቄና የቦረና ከብት ይወርዳል፤ ከደቡብ የፋብሪካ ዕቃ ይወጣል። አንዱ ወረቀት ሁለት ቀን ይጻፍበታል፤ ዘመን አቆጣጠሩ የተለያየ ነውና። የሰዓት አቆጣጠሩ ግን አንድ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ አማርኛ ተናጋሪው ሁሉ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሰዓት አንድ ሰዓት ይለዋል። የዕርገት በዓልም እንዲሁ አንዳንድ ዓመት ይገናኛል፥ አንዳንድ ዓመት ይለያያል። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ለክርስቲያኑ ሁሉ በአንድ ቀን ስለ ዋለ፥ የዕርገት ሐሙስም ግንቦት 21 ቀን በአንድነት ዋለ። የ2018 ዓ.ም. ግን በምዕራባውያን አቆጣጠር ግንቦት 6፥ በእኛ ግንቦት 13 ነው። በኬንያ በኩል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው የማርሳቢት የካቶሊክ ሀገረ ስብከት አለ፤ ሌሎችም የክርስቲያን ወገኖች አሉ፤ በኢትዮጵያ በኩል የተዋሕዶ ምእመናን አሉ፤ በሁለቱም በኩል ደግሞ እጅግ ብዙ እስላሞች አሉ። አንዱ ሲያከብር ሌላው እየነገደ፥ ከተማዪቱ ትውላለች።

በዚህች ከተማ ከኬላው አጠገብ ቆመን መኪናዎች ተራቸውን ሲጠብቁ ስናይ፥ ከዚያ በፊት ልብ ያላልነው አንድ ነገር ትዝ አለን። በደብረ ዘይት ራስ ላይ ከቆሙት ከአሥራ አንዱ ሐዋርያት አንዱ የኬላ ሰው ነበር። ማቴዎስን ጌታ ሲጠራው በቅፍርናሆም መቅረጫ ተቀምጦ ነበር። ቅፍርናሆም ደግሞ በገሊላ ባሕር ዳር፥ የሄሮድስ አንቲጳስ ግዛት ከወንድሙ ከፊልጶስ ግዛት በሚዋሰንበት አቅራቢያ ያለች ከተማ ነበረች። ዓሣውም፥ እህሉም፥ ጨርቁም በማቴዎስ ፊት አልፏል። እንደ ጊዜው ቀራጮች ሁሉ የሚከፈለውንና የማይከፈለውን ለይቶ የሚያውቅ፥ ሰውን በጭነቱ የሚመዝን ሰው እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን በጥቅምት 12 ቀን ታስበዋለች፤ የጉምሩክ ሰዎች ግን ይህን በዓል የእኛ ነው ሲሉ ሰምተን አናውቅም።

የዕርገትን ታሪክ በዝርዝር የጻፈልን ሉቃስ ነው፤ አንድ ጊዜ በወንጌሉ ፍጻሜ፥ ሁለተኛ በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ። በማርቆስ ወንጌል መጨረሻም በአጭሩ ተጽፏል። ማቴዎስ ግን፥ ያ የኬላ ሰው፥ ስለ ማረጉ አንድ ቃል አልጻፈም። መጽሐፉን የዘጋው ጌታ እስከ ዓለም ፍጻሜ ድረስ ከእነርሱ ጋራ እንደሚሆን በሰጠው ተስፋ ነው። ይህ ጸሐፊ የመጻሕፍት ሊቅ አይደለም፤ ሊቃውንቱ ለዚህ የራሳቸው ትርጓሜ ይኖራቸዋል። ሆኖም አንድ ነገር ልንል እንደፍራለን። በኬላ መዝገብ ላይ «ወጣ» ተብሎ የተጻፈ መንገደኛ ከዚያ በኋላ የዚያ ኬላ ጉዳይ አይደለም፤ ስሙ ላይ መስመር ይሰመርበታል። ማቴዎስ ዕድሜውን ሰው «ገባ» እና «ወጣ» እያለ ሲጽፍ ኖሮ፥ ጌታውን «ወጣ» ብሎ አልመዘገበውም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለናል። ዕርገትን እንደ መለየት፥ ሰማይንም እንደ ሩቅ አገር አድርገን እንቈጥራለን። አባቶቻችን አደራ ሲሰጡ «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር፤ ባለቤቱ ሩቅ ስለሆነ አደራው ይበልጥ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚያው ቋንቋ ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን፤ ይህኛው፥ ባለቤቱ ሩቅ ስለሆነ ብላ የሚል ነው። አስተዳደራችን በእነዚህ በሁለቱ ተረቶች መካከል እንደሚኖር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ልዩነቱ የሚመጣው ሹሙ ባለቤቱን ሄዷል ብሎ ማሰቡ ወይም አለ ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

ይህን ስንል ከሌላው ሰው በላይ ሆነን አይደለም። ይህ ጸሐፊ ወጣት ሳለ፥ ስሙን ማንሣት በማያስፈልግ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተራ ጸሐፊ ነበር። አለቃችን ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸው ባሉበት ቀን የወረቀት መገለባበጥ እንጂ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ለጉብኝት በወጡበት ቀን ግን ሻዩ ይበዛል፥ ጨዋታው ይደራል። ከነዚህ ቀኖች በአንዱ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ከሩቅ ገጠር መጥተው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። እኔም ቀና ብዬ ሳላያቸው፥ «አለቃው የሉም፤ ነገ ይምጡ» አልኋቸው። ጉዳያቸው የአለቃ ፊርማ አያስፈልገውም ነበር፤ አንድ ማኅተም ይበቃው ነበር፤ ማኅተሙም በመሳቢያዬ ውስጥ ነበረ። ሽማግሌው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። በማግሥቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። ወረቀታቸው እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት እስከ ለቀቅሁ ድረስ ሳይታተም በመሳቢያው ውስጥ ኖረ። እንግዲህ የእኔ ጥፋት ምን ነበር? ጉቦ አልተቀበልሁም፤ አልሰደብኋቸውም። ጥፋቴ አለቃዬን ሄደዋል ብዬ ማመኔ ነበር።

በሉቃስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የመኰንኑ ምሳሌ ለነጋዴም ለሹምም በአንድነት የተነገረ ነው። ጌታችን ይህን ምሳሌ የተናገረው በኢያሪኮ፥ የቀራጮቹ አለቃ ዘኬዎስ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደው ካለ አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ከተናገረ በኋላ፥ ሰሚዎቹ ገና በዚህ ነገር ሲደነቁ ምሳሌው ተከተለ። አንድ መኰንን ንግሥናን ተቀብሎ ሊመለስ ወደ ሩቅ አገር ሄደ፤ ሲሄድም ለአሥር ባሮቹ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምናን ሰጥቶ እስኪመለስ እንዲነግዱበት አዘዛቸው። ሰሚዎቹ ነገሩ አልጠፋቸውም። የታላቁ ሄሮድስ ልጅ አርኬላዎስ አባቱ በሞተ ጊዜ ንግሥናውን ከአውግስጦስ ቄሣር እጅ ሊቀበል ወደ ሮም ሄዶ ነበር፤ አይሁድም አይነግሥብን ብለው መልእክተኞች ከኋላው ልከው ነበር። በኢያሪኮ ደግሞ የአርኬላዎስ ቤተ መንግሥት ነበረ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን የሽልማቱ ዓይነት ነው። በአንዱ ምናን አሥር ያተረፈው ነጋዴ የተሰጠው ሌላ ገንዘብ አልነበረም፤ በአሥር ከተሞች ላይ ተሾመ። አምስት ያተረፈው በአምስት ከተሞች ላይ ተሾመ። በጥቂት ገንዘብ የታመነ ሰው ከተማ ማስተዳደር ይችላል ማለት ነው። ሚዛኑን ያላዛባ ነጋዴ ለሹመት ተመርምሮ አለፈ፤ ገበያው የምርመራ ቤት ነበረ። ሦስተኛው ደግሞ ምናኑን በጨርቅ ጠቅልሎ አኖረው። አልሰረቀም፥ አልበላም፤ ብቻ ባለቤቱ የማይመለስ ይመስል አስቀመጠው። የዚህ ሰው ወንድሞች በየመሥሪያ ቤቱ ስላሉ፥ ብዙ ባንናገርበት ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንለፍ። ከኬላው ወዲያ በኬንያ በኩል ባለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፥ ባለቤቲቱ በአማርኛ ስንነጋገር ሰምተው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። በዕድሜ የገፉ፥ ነጠላቸውን እንደ አገራቸው ወግ የለበሱ እናት ናቸው። ከጨዋታ በኋላ ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪቃ እንደ ሄደ ነገሩን።

«እማማ፥ ሲሸኙት ምን አሉት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ምን እለዋለሁ፥ ልጄ፤ እጄን ዘርግቼ መረቅሁታ። የሄደው በሌሊት ነው፤ ፊቱን እንኳ ደኅና አድርጌ አላየሁትም።»

«ወሬውስ?»

«ከታንዛኒያ አንድ ጊዜ ደውሏል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አለፈ» አሉና፥ ተነሥተው ሻይ ሊቀዱልን ሄዱ።

ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያልፉት በሞያሌ በኩል ነው። ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከሌላውም አገር ይመጣሉ፤ ከዚያ በኬንያ፥ በታንዛኒያ፥ በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪቃ ለመድረስ ይሞክራሉ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ በቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ተይዞ የተሸከመው ኮንቴይነር ሲከፈት፥ 64 ሰዎች አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከውስጡ በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ናቸው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳር የ27 ሰዎች ሬሳ በመንገድ አጠገብ ተጥሎ ተገኘ፤ የአገሪቱ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተናገረ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ኬላ ወይም በኬላ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ አልፈዋል። አንድ ሰው ገንዘብ ተቀብሏል፤ አንድ ሰው መኪና አከራይቷል፤ አንድ ሰው ፊቱን ወዲያ አዙሯል።

ይህ ከዕርገት ጋራ ምን ግንኙነት አለው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንደሚከተለው ነው። ሉቃስ፥ ጌታ ሲለያቸው እጁን አንሥቶ እየባረካቸው እንደ ሄደ፥ እነርሱም በታላቅ ደስታ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ተመለሱ ጽፏል። የሚወዱት ሰው ሲለይ የሚደሰት ማን ነው? በአውቶቡስ ተራ ቆሞ ዘመዱን የሸኘ ሁሉ ይህን ነገር ለማመን ይቸግረዋል። የሻይ ቤቷም እናት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ነገር ግን በደስታ አልተመለሱም።

የቤተ ክርስቲያን መልስ፥ ጌታ ያረገው የእኛን ሥጋ ለብሶ ነው የሚል ነው። ከድንግል የነሣውን ሥጋ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው የሥራ ልብሱን አውልቆ እንደሚጥል አልጣለውም። የተራበው፥ የደከመው፥ በችንካር የተወጋው ሥጋ፥ ለቶማስ ያሳየው ጠባሳ ሳይጠፋ፥ በአብ ቀኝ ተቀመጠ። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ በዚህ በዓል ባደረገው ስብከት፥ አፈር ነህ የተባለው ባሕርይ ዛሬ ከመላእክት በላይ ከፍ አለ እያለ ሕዝቡን ያስደንቅ ነበር። ምእመኑም በየጸሎቱ ወደ ሰማይ ማረጉንና በአባቱ ቀኝ መቀመጡን ሳያነሣ አይውልም፤ ብቻ ከብዛቱ የተነሣ ምላሱ ይለምደዋል። ሐዋርያትን ያስደሰታቸው ይህ ነበር። ከእነርሱ የተለየው ሰው ሆኖ ሄደ፤ ሰው ሆኖም ይኖራል።

እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ፥ በዓለም ላይ ከሰው ሥጋ የከበረ ጭነት የለም። የቴቴው ኮንቴይነር የተዘጋው የአብ ቀኝ በደረሰው ባሕርይ ላይ ነው። ይህን እንደ ስብከት ማስጌጫ አንናገረውም፤ ሃይማኖታችን ቃል በቃል የሚለው ይህን ስለሆነ ነው። ዕርገትን እያመነ ሰውን በራስ ቍጥር የሚደልል ደላላ፥ ዕርገትን እያመነ የሌሊት መኪና የሚያሳልፍ ዘበኛ፥ ሃይማኖቱ አልገባውም ከማለት በቀር ምን ይባላል?

በሕግ በኩል ጉድለት የለም። ኢትዮጵያ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣ አዋጅ ቍጥር 1178/2012 አላት፤ ኬንያም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 የራሷን ሕግ አውጥታለች። ለእውነት ስንል ግን ነገሩ ቀላል ነው አንልም። በሞያሌ መስመሩን መሻገር የዕለት ኑሮ ነው፤ እኅት ወዲህ፥ ወንድም ወዲያ ይኖራል፤ ልጅ ተሻግሮ ይማራል፤ ከብት ተሻግሮ ይጠጣል። የተሻገረ ሁሉ ወንጀለኛ ቢባል ከተማው በሙሉ ይታሰራል። የሚሄዱትም ወጣቶች ሁሉ ተታለው አይሄዱም፤ አንዳንዱ የመንገዱን ክፋት ከእኛ ይበልጥ ያውቃል፤ ቤቱ ያለው ችግር ከመንገዱ ስለ ከበደበት ይሄዳል። አንድ ነጋዴ፥ «እኔ ዳቦና ውሃ ነው የሸጥሁለት፤ ምን ላድርግ?» ሲል ብንሰማው አንፈርድበትም። ነጋዴው የሸጠው ዳቦ ነው። የምንናገረው ሰውየውን ራሱን ስለ ሸጡት ነው።

ከመለየቱ በፊት ደቀ መዛሙርቱ የእስራኤል መንግሥት በዚያን ጊዜ ይመለስ እንደ ሆነ ጌታን ጠይቀውት ነበር። የድንበርና የሥልጣን ጥያቄ መሆኑ ነው። ዘመኑን ማወቅ ለእነርሱ እንዳልተሰጠ ከነገራቸው በኋላ ምስክርነታቸው በኢየሩሳሌም፥ በይሁዳ፥ በሰማርያና እስከ ምድር ዳር እንደሚሆን አዘዛቸው። በዚህ ተራ ውስጥ ሰዎች ዘለው የሚያልፏት ሰማርያን ነው። የምድር ዳር ሩቅ ስለሆነ ያስደስታል፤ ሰማርያ ግን ጎረቤት ናት፤ ጕድጓድ የምንጋራት፥ ነገር ግን የማንወዳት። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የጎሣ ጠብ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል ወታደሮች 9 ሲቪል ሰዎች በገደሉ ጊዜ፥ ወደ 10,000 የሚሆን ሕዝብ ወደ ኬንያ ሸሸ። ያው መንገድ፥ ያው መስመር፤ ሽሽቱ ብቻ ፊቱን አዞረ። ሁለት ጊዜም ተሻግሮ የመጣውን ተቀብሎ ያሳደረ ጎረቤት ነበረ፤ ያ ጎረቤት ብዙውን ጊዜ በሃይማኖት የሚለይ ነበር።

ስለ እስላም ጎረቤቶቻችን ካነሣን አይቀር፥ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ጌታ ያረገበት ነው ተብሎ በደብረ ዘይት ላይ የሚታየው ስምንት ማዕዘን ያለው ትንሽ ሕንጻ፥ ከሳላዲን ዘመን ጀምሮ በእስላሞች ይዞታ ነው። የዕርገት በዓል በደረሰ ጊዜ የየወገኑ ክርስቲያን በግቢው ድንኳኑን ተክሎ እንዲቀድስ ይፈቀድለታል። እስላሞችም ዒሳ ወደ ሰማይ መወሰዱን ያምናሉ፤ በስቅለቱ ነገር እንለያያለን፤ በዚህ ግን ቁልፉ በእነርሱ እጅ፥ በዓሉ በእኛ ሆኖ ኖሯል። ከሞያሌ በስተ ምሥራቅ ባለው በማንዴራ አገር በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ታጣቂዎች አንድ አውቶቡስ አስቁመው ክርስቲያኖቹ ይለዩ ባሉ ጊዜ፥ እስላም ተሳፋሪዎች አንለይም ብለው ከክርስቲያኖቹ ጋራ መቆማቸውን ዓለም ሁሉ ሰምቷል። ምስክርነት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ይህን ይመልከት።

አንዳንዱ ደግሞ፥ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰማይ ትናገር፥ የቀረጥና የኬላ ነገር ለመንግሥት ይተው ይላል። ከላይ እንዳልነው ተራራው ላይ ቆሞ መቅረት የተከለከለው በዚያው በበዓሉ ቀን ስለሆነ፥ ይህን አሳብ ለመቀበል ይቸግረናል። ደግሞም ከሐዋርያት ምስክርነት መጀመሪያ ከደረሳቸው የሩቅ አገር ሰዎች አንዱ የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሹም ነበር፤ ፊልጶስ ያገኘው በመንገድ ላይ፥ በሠረገላው ተቀምጦ ሲያነብ ነው። ከተጠመቀ በኋላ ሹመቱን እንዲተው የታዘዘበት ነገር አልተጻፈም፤ ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ ነው የሚለው። ወደ ግምጃ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ሥራው ነገር እንመለስ። ዕርገት ሐሙስ ቀን መሆኑን መሠረት አድርገን፥ በወሰን ላይ ላሉ ሹማምንትና ነጋዶች የምናቀርበው አሳብ አለን፤ ለሞያሌ ብንናገረውም ለማንኛውም ኬላና ወደብ ይሆናል። አንደኛ፥ የሚከፈለው ቀረጥ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በሶማልኛና በስዋሂሊ በትልቁ ተጽፎ፥ ባለጉዳዩ ሳይጠይቅ በሚያነበው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። የማይከፈለውም ጭምር ይጻፍ፤ ማቴዎስ የሚያውቀውን ልዩነት ሻይና ስኳር ይዛ የምትሻገር ሴትም ትወቀው። የእህል ነጋዶች ማኅበርም በየዓመቱ በዚህ ቀን ሚዛኑን ለሕዝብ ፊት አውጥቶ ያስመርምር፤ ወጪው ትንሽ ነው፤ ቦሎቄ የሚሸጠው ገበሬም ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ ማስመዘኑን ይተዋል።

ሦስተኛው ለአብያተ ክርስቲያናቱ ነው። በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉት አጥቢያዎች፥ የሚፈቅዱ ቢሆን መስጊዶቹም ጭምር፥ አንድ መዝገብ ይክፈቱ። ወደ ደቡብ የሄደው ልጅ ስም፥ የወጣበት ቀን፥ የቤተ ሰቡ ስልክና መጨረሻ የተሰማበት ቦታ ይጻፍበት። የፖሊስ መዝገብ አይሁን፤ ሰው ለፖሊስ የማይናገረውን ለካህን ይናገራል። በታንዛኒያም ሆነ በዛምቢያ እስር ቤት ስም የሌለው ልጅ ሲገኝ፥ ስሙን የሚያውቅ አንድ ቦታ ይኑር። በዕርገት ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ስሞቹ ይነበቡ።

ይህን አሳብ ለሻይ ቤቷ እናት ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም የልጃቸውን ስም ከነአባቱ፥ የሄደበትንም ሌሊት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነገሩንና፥ መዝገቡ ተከፍቶ እንደ ሆነ እንዳይረሳ አሁኑኑ ጻፉልኝ አሉ። በያዝነው ደብተር ላይ ጻፍነው።